የጋሽ ሉቾ ታኬታ

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለኸድሩ፣ ለመኪና ጌታው፤

ሰላምታዬ ላንተ፣ ለኩልሱም፣ በየአቀበቱ ለምትቆመው ኤንትሬህም ጭምር ይድረስ። ቡናዋን ጭና ወጥታ በሰላም ትመለስልህ።

ለጥያቄዎችህ ልመልስ። አዎ፣ ብርዱ ይበረታል። አይ፣ የአሳማ ሥጋ በግድ አያበሉንም። ቋንቋቸውን ላልኸው፣ ገና እየቆረጠምሁት ነው፤ እስካሁን የተሰበረው ጥርሴ እንጂ እሱ አይደለም።

ዛሬ ግን ስለ አንድ ሰው ልነግርህ ነው ብዕር ያነሣሁት። እኛ ከየአገሩ የመጣን የስፖርት ተማሪዎች አንድ የኳስ ቡድን አለን። እኔ እንደ ዲላው ዘመን በረኛ ነኝ። አሠልጣኛችን ቺሊያዊ ናቸው፤ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ መሬት አልቃ ውሃ ከሚጀምርበት። ሉቾ ይባላሉ። ያገራቸው ልጆች «ዶን ሉቾ» ይሏቸዋል፤ እኛ ጋሽ እንደምንለው መሆኑ ነው። እኔ ጋሽ ሉቾ ብዬ ብጀምር ሱዳኖቹም የመኖቹም ተከተሉኝ። በወጣትነታቸው ላገራቸው የተጫወቱ አማካይ ነበሩ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም።

የመጀመሪያ ቀን ኳስ ይሰጡናል ብለን ስንጠብቅ ሜዳው ላይ በትነው አቆሙንና «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉን። ጨፈንን። «ግዛቸው፣ የመኑ ልጅ የት አለ?» አላወቅሁም። ማናችንም ማንም የት እንዳለ አላወቅንም። ከዚያ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑና እያንዳንዳችንን በምርኩዛቸው ይጠቁሙ ጀመር፤ የቆምንበትን፣ ፊታችንን ያዞርንበትን ሁሉ። አንዱ ሱዳናዊ ሊያታልላቸው በእግሩ ጣት እየረገጠ ቦታ ሲለውጥ ምርኩዙ ቀስ ብሎ ተከተለው። ኸድሩ፣ ሰውነቴን ወረረኝ። ሃይማኖተኛ ሰው ብሆን ኖሮ አማትብ ነበር። «አማካይ የሚሮጥ ሰው አይደለም፤ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው» ነበር ያሉን።

ወዲያው ፈለቀ ታወሰኝ። ታናሽ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ ዲላ ሜዳ ላይ ቀና ሳይል ኳስ የሚያቀብል ሌላ ሰው አይተናል? «አንተ በረኛ ነህ፣ ኳስ አይገባህም» እያለ የሚያሾፍብኝስ ማን አለ? ግን ምን ሆኖ ነው የማይጽፍልኝ? ከገና ወዲህ ከእሱ አንድ መስመር አላየሁም። እናቴን ብጠይቃት «ደህና ነው» ብላ አስጽፋ ላከች፤ ሌላ የለም። አንተ ንገረኝ።

ያንተው ግዛቸው


ዲላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለጀርመኑ በረኛ፤

አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። ኩልሱም ሰላም ብላሃለች። ሹራብ የላክህ እንደሆነ ቀዩን ሳይሆን ሰማያዊውን ነው የምትወድ።

ፈለቀ ደህና ነው። ስለ ፈለቀ አታስብ።

ይልቅ የኢዲዶን ነገር ልንገርህ፤ ለዚያ ለምርኩዝ ሰውዬህ የሚሆን ወሬ አለኝ። ዘንድሮ ቡናውን የምጭነው ከኢዲዶ ማጠቢያ ነው። ያገሩን አቀማመጥ ታውቀዋለህ፤ ሁሉም ዳገት ነው፤ ኳስ ብትጥል ይርጋ ጨፌ ነው የምታገኛት። ለጥ ያለ መሬት ያለው የታጠበው ቡና የሚሰጣበት ግቢ ብቻ ነው። እዚያም ከጫፍ እስከ ጫፍ የማስጫ አልጋ ተደርድሯል። ወንዶቹ ሥራ ሲፈቱ በአልጋዎቹ መሃል፣ በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ። ኳሷ አልጋ ላይ ያረፈች እንደሆነ ግን ቡናው ይቆሽሻል። የማስጫው አለቃ አሰፋች የምትባል የጌዴኦ ሴት ናት፤ ክንዷ እንደ እኔ ጭን ነው፤ ኳሷን ትቀማቸዋለች። ብትለምናት፣ ብትምል፣ ብትገዘት አትመልስም፤ የዚያን ቀን ጨዋታ አለቀ። «ኳስ መሬት ካለች የእናንተ ነው፤ አልጋ ከወጣ የኔ ናት» ትላቸዋለች በጌዴኦ አማርኛዋ።

እና ምን ሆነ መሰለህ? ኢዲዶዎች ኳስ ማንሣት ረሱ። በሁለት አልጋ መሃል፣ ሰው ጎኑን አዙሮ በሚያልፍበት ክፍተት፣ ሣር ለሣር እየሳቡ ያቀባብሏታል። መኪናዬ ተጭና አልቃ ቆሜ አያለሁ። ለሰውዬህ ንገራቸውና ምን እንደሚሉ ጻፍልኝ።

ኸድሩ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ኸድሩ፤

ስለ ወንድሜ አንድ መስመር፣ ስለ ቡና አልጋ አንድ ገጽ ጻፍህልኝ። ገብቶኛል፤ አኩርፎኛል ማለት ነው። ስነሣ ታኬታ እልክልሃለሁ ብዬው ነበር፤ ዓመቱ ዞሮ አልላክሁም። ልጁ ደግሞ ኩርፊያ ያውቅበታል፤ እናታችንን ነው የሚመስለው።

የኢዲዶን ነገር ለጋሽ ሉቾ በዚች በተሰባበረች ጀርመንኛዬ ነገርኋቸው። የእሳቸውም ከእኔ አትሻልም፤ በእጅ፣ በእግር፣ በጠረጴዛ ላይ ጨው ነስንሰን እየሣልን ተግባባን። አሰፋች ኳስ ቀማች ስላቸው ሳቁ። ሳቁና እንባቸው መጣ። ያደጉት ቫልፓራይሶ የሚባል የወደብ ከተማ ነው። እሱም እንደ ኢዲዶ ዳገት ነው አሉኝ፤ ቤቱ ሁሉ ገደል ላይ ተንጠልጥሏል። ከሰፈራቸው ኳስ ያመለጠው ልጅ እስከ ባሕሩ ድረስ ወርዶ ነው የሚያመጣት፤ ሲመለስ መሽቷል። «ኳስ አለመሳት የተማርሁት ዳገቱን ፈርቼ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ዳገት የወረደው የወደብ ሠራተኛ ልጅ በዋና ከተማው ስታዲየም፣ በሰባ ሺህ ሰው ፊት ተጫወተ። ስለ ጎል አያወሩም። አንዲት ኳስ ብቻ ነው የሚያወሩት። ሦስት ሰው ከቦአቸው፣ ጀርባቸውን ለጎሉ ሰጥተው፣ ሳያዩ በቀኝ እግራቸው ወደ ኋላ ሰደዷት፤ ሄዳ ሩጫ ላይ ያለ አጥቂ እግር ላይ አረፈች። «እዚያ እንዳለ በምን አወቁ?» አልኋቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ። «እዚያ መሆን ነበረበታ!» ኸድሩ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ድንች ይልጣል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ታኬታ ልገዛ ገበያ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ካልጋቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱበት ታኬታ ነው። ቆዳው ቅባት ጠግቦ ይለሰልሳል። «ወንድምህ አማካይ ነው አላልኸኝም? እንግዲህ የእሱ ነው» አሉኝ። ቁጥሩም ልክ የፈለቀ ነው። ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ለእናቴ ያደርሳል። ሲያደርገው ፊቱን አይተህ ጻፍልኝ።

ግዛቸው


ዲላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ግዛቸው ወንድሜ፤

ይህን የሚያመጣልህ ጓንጉል የዲላ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ወደዚያው ይመጣል። ፖስታ ቤት ስላልገባ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። አስቀድመህ ግን ይህን ያዝ፤ ፈለቀ በሕይወት አለ።

አንተ በሄድህ በአራተኛው ወር ወሰዱት። ምን አደረገ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ያን ሰሞን እንዲያ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። አብረውት ከተወሰዱት ተጫዋቾች ሁለቱ አልተመለሱም። እሱን ክረምቱ ሲወጣ ለቀቁት፤ በመኪናዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ውስጥ እግሩን ነው የገረፉት። አጥንቱ ተሰብሮ እንደተጣመመ ገጥሟል። ይራመዳል፤ ግን ግድግዳ እየያዘ፣ እንደ ሽማግሌ። ሐኪሙ «ሩጫ የሚባል ነገር ይርሳ» አለ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ለእናትህ ለእማማ የትምወርቅ «እሺ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ለምን ደበቃችሁኝ ትላለህ። እንዴት እንዳደግን ታውቃለህ። ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም፤ ሲሰማ ደግፎ የሚይዘው የለማ። እናትህ «ልጄ በሰው አገር ወድቆ ይቀርብኛል» ብላ አስማለችኝ። እኔም ማልሁ፤ ቡና አልጋ ቡና አልጋ ስል ከረምሁ።

ታኬታው ደረሰ። እናትህ ካንተ የመጣ ነው ሲሏት ደስታው ልቧን ነሣት፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታስብ «ወንድምህ ላከልህ!» ብላ ከራስጌው አኖረችው። ፈለቀ ዞረና አየው። አነሣው። የታኬታውን ጥርስ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠውና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያን ቀን ወዲህ «እሺ»ም የለም። አንተ ምን በወጣህ? ካልነገሩህ ምን ታውቃለህ? እኛ ነን እንዲህ ያደረግንህ።

እፈራለሁ ግዛቸው። ሰው ሳይታመም ሲሞት አይቻለሁ፤ አጎቴ እንዲያ ነው የሄደው። ልጁ ከእጃችን እያመለጠ ነው። ያ ጋሽ ሉቾህ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት ብለኸኝ ነበር። ምን ሆነው እንደሆነ፣ ከዚያስ በኋላ እንዴት እንደኖሩ ጠይቅልኝ።

ኸድሩ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

ኸድሩ፤

ጓንጉል ደብዳቤህን አድርሶልኛል። ይህ በፖስታ የሚመጣ ስለሆነ ስለዚያ ነገር እዚህ አልጽፍም። ተናድጄብሃለሁ። ደግሞ ባንተ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ይብቃን።

የምጽፍልህ ስለ ቺሊ ነው። ጋሽ ሉቾ ክፍል ሄድሁና «ወንድሜ ከእንግዲህ አይሮጥም» አልኋቸው። ለምን አላሉኝም። «እግሩን ነው?» አሉ። «እግሩን ነው» አልሁ። ከዚያ የነገሩኝ፣ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነው። እንዳሉት አድርጌ ልጻፈው፤ ለፈለቀ አንብብለት።

«በመስከረም 66 ያገሬ ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ። በሺህ የምንቆጠር ሰዎችን ይዘው ወሰዱን። የት? ኳስ ወደ ተጫወትሁበት ስታዲየም! እኔን የወረወሩኝ ልብስ እለውጥበት ወደነበረው ክፍል ነው። ማሊያዬን እሰቅልበት የነበረው ሚስማር ከራሴ በላይ ነበር። አንዱ ጠባቂ አወቀኝ፤ ያችን ኳስ ሳቀብል ከተመልካቹ መሃል ነበረ። ጠመንጃውን በሰደፉ አዞረና ‹ያችን ኳስ በየትኛው እግርህ ነው የሰደድሃት?› አለኝ። በቀኜ ነበር። ‹በግራዬ› አልሁት። ግራዬን ሰበረው። ቀኜ እስከ ዛሬ ደህና ናት፤ ሞኝ በረኛ ሁልጊዜ ወደማይሆነው ጎን ነው የሚወረወር።»

እንዲህ ብለው ሳቁ፤ ኸድሩ፣ ሳቁ! እኔ ወዴት ልይ?

«ከዚያ እንደ አንተ ወንድም ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ከሰዓት በኋላ ወታደሮቹ ሜዳችን ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ እሰማለሁ። እንዳልሰማ ጆሮዬን ብይዝም ይገባል። የተመታች ኳስና የቆመች ኳስ ድምፃቸው ለየቅል ነው። የሚሮጥ ሰውና የደከመው ሰው ይለያያሉ። መጀመሪያ ጠላኋቸው። ቀጥሎ አጨዋወታቸውን አወቅሁት። አንድ ቀን መሃሉን ጥለው ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲግተለተሉ ስሰማ፣ ‹እናንተ ደደቦች፣ መሃሉን ማን ያዘ?› ብዬ ጮኽሁ። እስረኞቹ አበድሁ መሰላቸው። እኔ ያን ቀን አሠልጣኝ ሆንሁ። ፈልጌው አይደለም። እኔ ኳስን ትቻት ነበር፤ እሷ ግን አልተወችኝም።»

ስለ ታኬታው ደግሞ እንዲህ ብለውታል፦ «አያድርገው። ግን አይጣለው። ማን እንደሚያደርገው እሱ ይምረጥ። አማካይ መምረጥ ከመሮጥ ይከብዳል።»

አንብብለት። ባይዞርም አንብብለት።

ግዛቸው


ዲላ፣ ኅዳር 27 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለግዛቸው፣ ለትዕግሥተኛው፤

ሦስት ደብዳቤ ልከህ አንድ አልመለስሁም ብለህ ወቅሰኸኛል። ልክ ነህ። ከእንግዲህ ውሸት አልጽፍም ብዬ ነበር፤ የምጽፈው እውነት እስኪኖረኝ ጠበቅሁ። በመሃሉ ኩልሱም ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ራዚያ ብለናታል። ጩኸቷ የኤንትሬዬን ጥሩምባ ያስንቃል።

ደብዳቤህን አነበብሁለት። አልዞረም። «በግራዬ አልሁት» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ትከሻው ነቅነቅ አለ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም። እናትህ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ከዚያም ክረምቱ ሙሉ ምንም።

ባለፈው ወር ቡናው ደርሶ ወደ ኢዲዶ ልነሣ ሞተር ሳስነሣ የጋቢናው በር ተከፈተ። ፈለቀ ነው። ታኬታውን ብብቱ ሥር ይዟል። ወጥቶ ተቀመጠ። እኔም እንዳላየ ሆኜ ነዳሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ይርጋ ጨፌ ድረስ መተንፈሴን እንጃ።

ኢዲዶ ስንደርስ ወደ ሜዳው ዞር ብሎም አላየ። የተበላሸውን ቡና እየለቀሙ ከሚያወጡት ሴቶች መሃል ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ አልጋው፣ ጀርባውን ለጨዋታው። አሰፋች አየችው፤ ከፊቱ ቡናውን በእጇ ዘረጋ ዘረጋ አደረገችለት። መልቀም ጀመረ። እኔ መኪናዬን እያስጫንሁ ነው። ወንዶቹ ይጫወታሉ። ኳሷ በአልጋዎቹ መሃል ትሄዳለች።

ድንገት፣ ሳይዞር፣ እጁ ቡናው ውስጥ እንዳለ፣ «ለገሪማ ስጡት እንጂ! ብቻውን እኮ ነው!» አለ።

ወላሂ ግዛቸው፣ ጆንያው ከእጄ ወደቀ። ገሪማ ማጠቢያው ላይ የሚሠራ ረጅም፣ ዝምተኛ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ስሙን ከወንዶቹ ጩኸት ሰምቶ ይሆናል። አየሁ። ከወዲያ ማዶ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አልጋዎች መሃል፣ እውነትም ብቻውን ቆሟል። አልሮጠ፣ አልጠራ፤ ዝም ብሎ ነው የቆመው። ጀርባውን የሰጠ ሰው የቆመን ሰው በምን አየው? ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከደነገጡት ተጫዋቾች አንዱ ኳሷን ሽቅብ ለጋትና ቡናው ላይ ዘጭ አለች።

አሰፋች ተነሣች። እንደ ልማዷ ቀማች። ሁሉም «በቃ፣ አለቀ» ብሎ ሊበተን ሲል፣ ኳሷን በቀሚሷ ጠረገችና ፈለቀ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። «ይቺ ኳስ ከዛሬ ጀምሮ የሱ ነው። እሱ ካለ ትጫወታላችሁ። እሱ ከሌለ የኔ ናት» አለቻቸው።

ፈለቀ ኳሷን በአንድ እጁ አቀፈ። ከዚያ በርጩማውን ያዘና ወደ ሜዳው ዞረ።

በኋላ በመኪና ስንመለስ «በምን አወቅህ?» አልሁት። «ሁሉም ይሰማል፤ ዝም ያለው በኩል ነዋ ባዶው» አለኝ። ቀላል ነገር የነገረኝ ነው የሚመስለው። መንገዱን ማየት አቅቶኝ መኪናዋን ዳር አስያዝኋት። እሱ አቀበቱ ያቆማት መስሎት «ይቺ መኪና ግን መቼ ነው የምትሸጣት?» አለኝ። አንድ ዓመት ዘግቶት የከረመውን አፍ በእኔ መኪና ላይ ከፈተው እልሃለሁ!

አሁን በየቀኑ ከእኔ ጋር ይወጣል። በዱላ ነው የሚሄደው፤ ዓይን አስጨፍኖ «ማን የት አለ?» እያለ ወንዶቹን ያሳብዳቸዋል። ታኬታውን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም አልሰጠም። ሁሉንም ሲያይ፣ ሲያይ ከረመና ለገሪማ ሰጠው። ገሪማ ዕድሜውን በባዶ እግሩ የኖረ ነው፤ ይሰፋዋል፤ ቃጫ ጎስጉሶበት ነው ያደረገው። ሲያደርገው ፊቱን አይተህ ጻፍልኝ ብለኸኝ ነበር። የገሪማን አላየሁም። የፈለቀን ነው ያየሁት። እንዴት ብዬ እጽፈዋለሁ? ያች ሰባ ሺህ ሰው ያያት ኳስ ባሕር ተሻግራ ኢዲዶ ስታርፍ የሚያይ ሰው ፊት ነበር።

የፍስሐ ገነትን ቡድን አሸንፈናል። እሑድ ከሬኮ ጋር ነን። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የእኔ አይደለም፤ ብዕሩን ቀምቶኝ ነው።

ኸድሩ


ጋሼ፤

ደህና ነኝ። እናታችን ደህና ናት። ይህን ለጋሽ ሉቾ አድርስልኝ።

የሬኮ ልጆች ሜዳቸው ሰፊ ነው፤ አልጋም የለበትም። ኳሷን ሽቅብ ነው የሚልኳት። ኳስ መሬት ላይ ስትሆን ትሰማኛለች፤ ሰማይ ላይ ስትሆን ግን ድምፅ የላትም። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል?

እሳቸው ራሳቸው ይመልሱልኝ። አንተ እንዳትመልስ፤ አንተ በረኛ ነህ።

ፈለቀ